የመንበሩ ጩኸት

የአናጢው መንበሩ ቀኝ እግር ከትናንት ወዲህ በርዶ ደንዝዟል። ሐኪሟ ቀለም በመርፌ ሰጥታ የደም ሥሩን ምስል ስታነሳ፣ ደሙ ከጉልበቱ በታች አልወረደም።

«በምስሉ እየተመራሁ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ የረጋውን ደም ለማውጣት እሞክራለሁ» አለቻት ሚስቱን ስንዱን። «ካልተሳካ እግሩ ዛሬውኑ ይቆረጣል።»

«እባክዎ ዶክተር፣ ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው!»

ሐኪሟ ወደ ሕክምናው ክፍል ገባች።

ስንዱ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ፈጣሪዋን ስትለምን ቆየች። ድንገት የባሏ ጩኸት ከውስጥ ተሰማ።

«ቆረጡት! ጉዴ ፈላ!» ብላ በሩን በርግዳ ገባች።

መንበሩ በላብ ተጠምቆ ያለቅሳል። አጠገቡ የቆመችው ነርስ ግን ትስቃለች።

«እግሬን አመመኝ!» አለ ሚስቱን ሲያይ። «ስንዱ፣ እግሬን አመመኝ!»