ቦዩ ውስጥ የገባው ዘንዶ

ቶሌራ በስደት በሚኖርበት በናሙዎንጎ ሰፈር ጀርባውን ለቦዩ ሰጥቶ፣ ዱላ ከያዙት ጎረቤቶቹ ፊት ቆመ። ከኋላው ጎርፍ ያመጣው ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። የእባብ አድን ማኅበሩ ለቶሌራ ቲሸርት እንጂ ሥልጣን አልሰጠውም፤ ዘንዶ መያዝ የሚችሉት የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ በኮሮናው እገዳ ኬላ ላይ ተይዘው ቀርተዋል።

«ዘመድህ ነው እንዴ?» አለው አንዱ፤ ሁሉም ሳቁበት። አከራዩ ግን አልሳቁም። «ስማ አንተ ስደተኛ፣ እዚህ ልጆች አሉን። ከፊታችን ዞር ካላልክ ዛሬውኑ ቤቴን ልቀቅ» አሉት። ቶሌራ አራስ ሚስቱ የተኛችበትን በር አየና ፈቀቅ አለላቸው።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። «አሳለፉን፣ ደረስንልህ! ዘንዶውን እየጠበቅከው ነው አይደል?» አለችው የማኅበሩ ኃላፊ።

ከኋላው ዱላው በዘንዶው ላይ ይወርድ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ «አዎ» አላት። «ቀስ ብላችሁ ኑ።»