ካርቶኑና የተዘጋው በር

ባልየው ካርቶን መሰብሰብ የጀመረ ዕለት ሚስትየው ሳቀች። በር መዝጋት የጀመረ ዕለት ግን ሳቋ ቀረ።

እሱ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ቤቷ ውስጥ የምትሠራ ልብስ ሰፊ። አንዲት ልጃቸው አግብታ ስትወጣ አሮጌ ላፕቶፗን ትታላቸው ሄደች። ሰውየው ለወራት ዞር ብሎም አላየው። አንድ ቀን ግን ሰው የጣለውን የፍሪጅ ካርቶን ከመንገድ ጎትቶ አመጣና ሳሎኑ መሐል ዘረጋው።

«ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» አለችው።

«ለላፕቶፑ ማስቀመጫ። ጠረጴዛው ላይ ሲሆን በጣም ዝቅ ይላል።»

«ዝቅ ቢል ምን ይሆናል?»

አንድ ነገር አጉተመተመ። በዚህ ቤት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሁሉም ሰው ያጉተመትማል። አፍ ከፍቶ ማውራት የቀረበት ዘመን ነው እያለች ታማርራለች፤ ደንበኞቿም ያው ናቸው።

የመጀመሪያው ማስቀመጫ ላፕቶፑ ከመቀመጡ በደረቱ ተደፋ። በካርቶኑ ልባስ መሐል ያለው ሞገድ መሰል እጥፋት በአግድም ስለዋለ ክብደት አልቻለም። ሁለተኛውን ሞገዱን ሽቅብ አቁሞ ቆረጠው፤ ሁለቱን ክንፎች ጎን ለጎን አቁሞ በመሐላቸው መወጠሪያ ሰካ፤ ያለ አንዲት ጠብታ ኮላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ችግሩ የቆረጠው በሚስቱ የጨርቅ መቀስ ነው። የጨርቅ መቀስ ካርቶን ከነካ እንዳለቀለት የማያውቅ ባል፣ የልብስ ሰፊ ባል ሊባል አይገባም። እሷም ይህንኑ በሰፊው ነገረችው።

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሜትሯን አነሣና ራሱን ከሆዱ እስከ አናቱ መለካት ያዘ።

«ትንሽ ከፍ ማለት አለበት» አለ፤ «ካሜራው ፊቴን ብቻ ነው የሚያሳየው። እስከ ሆዴ ድረስ መታየት አለብኝ።»

«ሆድህን! ማን ሊያይልህ ነው?»

ቀላ አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ አልጣማትም።

ሦስተኛው ማስቀመጫ ሲያምርለት መኝታ ቤት ይዞት ገባ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ በሩን ይዘጋል። ባለ አበባ ሸሚዙን ትቶ ጥለት የሌለው ጥቁር ይለብሳል። ይባስ ብሎ ጥፍሩን ሞረደ፤ ዕድሜ ልኩን ሽቦ ሲጎትት የኖረ እጁን ቅባት ቀባ። ይህን እጅ አለስልስ ብላ ስትለምነው የኖረችው እሷ ነበረች፤ ለማን እንዳለሰለሰው እንጃ።

ደግነቱም አላምር አላት። የበሩ ደወል ሲደወል አብሮ የሚበራ ቀይ አምፖል ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለላት። «መኪናሽ ይጮኻል፤ ደንበኛ እንዳይመለስብሽ ብዬ ነው» አለ። ሊያናግራት ሲፈልግ ደግሞ ከኋላዋ መጣራቱን ትቶ፣ ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆሞ ዓይን ዓይኗን እያየ ሆኗል የሚናገረው። ጥፋት ያለበት ባል እንዲህ ነው።

አንድ ከሰዓት ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ መጣች። እንደ ልማዷ «ኧረ ሬዲዮሽን ቀንሽልኝ!» ልትል ነበር አመጣጧ፤ የሚስትየውን ፊት ስታይ ሬዲዮውን ረስታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል እቴ?»

ሁሉንም አወራችላት፤ ካርቶኑን፣ ሸሚዙን፣ ቅባቱን፣ ሆዱንም ጭምር።

ጸጉር ሠሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ ብቻ ሳትሰሚ ቀርተሽ ይሆናል።»

ሚስትየው መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ልጅ ወጥታለች፤ እናት አባት የሉም፤ በዚህ ቤት የቀራት ሰው እሱ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱባት በማን ላይ ትነጫነጫለች? ዕንባዋ መጣ።

ሁለቱም በእግር ጣታቸው ሄደው በሩ ላይ ተለጠፉ።

«ምንም የለም» አለች ሚስትየው።

ጸጉር ሠሪዋ ጆሮዋን አስጠግታ ብዙ ቆየች። «እውነትሽን ነው፤ ትንፍሽ የሚል የለም። ወንበሩ ብቻ ነው የሚንቋቋው።» ከዚያ ጎንበስ ብላ በቁልፉ ቀዳዳ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል። «ሴት ናት። ቆንጆ ናት። እየሳቀችለት ነው።»

ሚስትየው በሩን በርግዳ ገባች።

ላፕቶፑ ካርቶኑ ላይ ከፍ ብሎ ተሰይሟል። ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ከወገቧ በላይ ትታያለች፤ ሁለት እጆቿ አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀርተዋል። ባልየውም እጆቹ ደረቱ ጋ ናቸው።

«ዝም ዝም ተባብላችሁ በዓይን ነው የምታወሩት?» ብላ ጮኸች። «በኔ መቀስ ቆርጠህ፣ በኔ ሜትር ለክተህ! ሂድ በቃ፤ ካርቶንህንም ይዘህ ሂድ!»

ዕንባዋን እንዳያዩባት ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አስተማሪዬ ናት» አለ ባልየው ከኋላዋ። «የምማረው ላንቺ ብዬ ነው።»

ሚስትየው ንቅንቅ አላለችም።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አሁንም አልዞረችም። በሩ ላይ የቆመችው ጸጉር ሠሪ ግን ሁለቱንም ጊዜ ሰምታ ነበርና አፏን በእጇ ያዘች።

ባልየው ዞሮ ሚስቱ ፊት ቆመ፤ ሁለቱን እጆቹን ወደ ደረቱ አነሣና ለሦስተኛ ጊዜ በምልክት ቋንቋ፣ በጣቶቹ ነገራት።