የአቡ ሙንዚር ሻይ

«ምን ወስዳ ነው?» ትላለች ነርሷ፣ የጁማናን የእጅ አንጓ ይዛ የልብ ምቷን እየቆጠረች።

«ምንም! ኧረ በአላህ፣ እህቴ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አትውጥም!» አልኩ።

ጁማና አልጋው ላይ ተጋድማ ጥርሷን ታፋጫለች። ዓይኗ ፈጧል፣ ሰውነቷ እንደ ካውያ ይፋጃል። ቅድም የልጆች ቀሚስ እየሰፋች «ልቤ ሊወጣ ነው» ብላ ማሽኑ ላይ ተደፋች። እኔና ነጅዋ ተሸክመን በዚህ በቤይሩት ሐሩር ከስፌት ቤቱ እስከ ክሊኒኩ ሮጥን። ነጅዋ ከአገራችን ከሶሪያ፣ ከሆምስ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። አንድ ሰፈር አድገን፣ አብረን ተሰደን፣ አሁንም ሦስታችን አንድ ክፍል ነው የምንኖረው።

«ስሚኝ እህቴ፣ እኔ ፖሊስ አልጠራም። የነገርሽኝ እዚሁ ይቀራል። ልቧ በደቂቃ መቶ ስድሳ ይመታል። የወሰደችውን ሳላውቅ የምሰጣት መድኃኒት ራሱ ሊጎዳት ይችላል።»

«ነገርኩሽ እኮ! ስደተኛ ስለሆንን ሱሰኛ መሰልንሽ?»

«እንቅልፍ ከተኛች ስንት ቀን ሆናት?»

ሁለት ሌሊት። እኔም እንደዚያው። የአረፋ ልብስ ሳይደርስ አይተኛም ተብሎ ሌት ተቀን ስንሰፋ ድካም የሚባል አልነካንም። የስፌት ቤቱ ባለቤት አቡ ሙንዚር በገዛ እጁ ሻይ እያፈላ ሲያቀርብልን፣ «እንዲህ ያለ አሠሪ የት ይገኛል!» ብዬ የመረቅኩት እኔ ነኝ።

«ሻዩ ነው» ትላለች ነጅዋ ከኋላዬ።

«የምን ሻይ?» አለች ነርሷ።

«አቡ ሙንዚር ካፕታጎን፣ ያን እንቅልፍ የሚነሳ ክኒን፣ እየደቆሰ ይጨምርበታል። ቅዳሜ ጓዳ ስገባ አየሁት።»

ነርሷ አንድም ቃል አላባከነችም። መርፌ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሰካችላት፣ ፎጣ በውሃ ነክራ አንገቷና ብብቷ ላይ አደረገች። «ፈልጎ የሚውጠው ሰው እንኳ ስንት እንደዋጠ ያውቃል» አለች በንዴት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬ ስንት ብርጭቆ ጠጣች?»

«ሦስት። ሁለት የራሷን፣ አንድ የኔን። ጠዋት እጇ ሲዘገይብኝ የኔን ሰጠኋት።» በእጄ እኮ ነው ያጠጣኋት!

«አንቺስ?» አለቻት ነጅዋን።

«እኔ ጾመኛ ነኝ።»

ጾመኛ! ከአረፋ በፊት ያሉትን የዙልሒጃ ወር ቀናት ልጹም ስትል ስፌት ቤቱ በሙሉ መርቋታል። እኔማ «ለኛም ዱዓ አድርጊልን» ብያታለሁ። ጾሙን የጀመረችው እሑድ ነው። ክኒኑን ያየችው ቅዳሜ።

«ነጅዋ፣ እያወቅሽ?»

«ብነግርሽ ትጮኺያለሽ፣ አፍሽን አውቀዋለሁ። ሁላችንንም ያባርረናል። ለኛ ሌላ ሥራ የት አለ? እስከ አረፋ ብቻ ነው ብዬ…»

«እና አላህን መደበቂያ አደረግሽው?»

«ውሃ ጠጡ ስላችሁ አልነበር?» አለች እያለቀሰች። «በየሰዓቱ ውሃ ጠጡ፣ ትንሽ ጋደም በሉ አላልኳችሁም?»

ብላናለች። ውሸት የለውም። እኔም እንዴት ታስብልናለች እያልኩ ጠጥቻለሁ።

«አንቺም ነይ፣ ልለካሽ» አለችኝ ነርሷ። «እህትሽንም ዛሬ ብቻዋን እንዳትተዪያት።»

የግፊት መለኪያው ክንዴን ጨመቀኝ። ነጅዋ የጁማናን ግንባር ልትጠርግ እጇን ስትዘረጋ አየኋት።

«እንዳትነኪያት!»

ያን እጅ አውቀዋለሁ። ትናንት ጁማና «ይሄ ሻይ ይመረኛል፣ ይቅርብኝ» ብላ ብርጭቆውን አስቀምጣው ነበር። አቡ ሙንዚር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ያኔ ከማሽኗ ተነስታ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራ፣ አማስላ፣ «ጠጪ የኔ ቆንጆ» ብላ ያቀበለቻት ነጅዋ ናት።