የዛኪር አውሮፕላን

መሪማ የባሏን ኮምፒውተር የከፈተችው ፎቶዎቹን ለማውጣት ነበር።

ዛኪር ከመርሳ እየተመላለሰ ወልድያ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ወንዶቹ ወስደው ቀበሩት፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። ሌላው ሲያለቅስ ውሃ ታቀብላለች። አሁን ዒዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜው እስኪሞላ ከቤት አትወጣም። ከእህቷ ከናጅዋ ጋር ቤት ትውላለች።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዛኪር ከሥራ መልስ የሚጫወተው ጨዋታም አብሮ ተነሳ። የጦር አውሮፕላን ማብረሪያ ነው። ገብቶ መተኮስ ብቻ አይደለም፤ ባትሪው፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ ጄኔሬተሩ በየተራው ካልበራ ሞተሩ አይነሳም። ዛኪር በኢንተርኔት አብረውት የሚበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩት፤ አብዱሰመድ ይባላሉ። ሲሪንቃ ነው ቤታቸው። መሪማ በስም እንጂ በመልክ አታውቃቸውም።

ፎቶዎቹን ስትፈልግ ከታች መልእክት ብቅ አለ።

«ዛኪር፣ መጣህ? አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ቀስ ብለን እንነሳ። መጀመሪያ ባትሪውን አብራ።»

ዛኪርን እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። ሁሉም ስሙን ሲያነሳ «አላህ ይዘንለት» ያስከትላል። መሪማ «ሞቷል» ብላ ልትጽፍ ጀመረችና አጠፋችው። ከላይ የቆዩ መልእክቶች አሉ፤ ዛኪር «ጋሼ» እያለ ነበር የሚጽፍላቸው።

«እሺ ጋሼ» ብላ ጻፈች።

ባትሪው የት እንዳለ ግን አታውቅም። ዝም ብላ ስክሪኑን ታያለች።

«በቀኝህ ነው፣ ክርንህ አጠገብ» ብለው ጻፉ።

በማግስቱም ከፈተችው። ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ትቀመጣለች፣ የማታው የመግሪብ ሶላት ሲቃረብ ትዘጋለች። አብዱሰመድ ሁሉንም ከሥሩ ይነግሯታል። የሞተሩ ሙቀት ከዚህ ሲያልፍ ጋዝ ቀንስ፣ ከማረፍህ በፊት ጎማውን አውጣ። ሽማግሌ ስለሆኑ የተናገሩትን ይደጋግማሉ ብላ አሰበች። ደጋግማ ተከሰከሰች። «አይዞህ፣ እንደገና እንነሳ» ይላሉ። ድምፅ አውጥተን እንነጋገር ብለዋት አያውቁም፤ እሷም ይህን እንደ ዕድል ቆጠረችው።

ምንም አይሰማትም ነበር። አውሮፕላኑ ይነሳል፣ ደመና ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ሁለት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን። ያ ይበቃት ነበር።

ናጅዋ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆማ አነበበች።

«አንቺ፣ እኝህን ሰውዬ እኮ እያታለልሻቸው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«የደረሱበት ቀንስ? በሙት ስም ሽማግሌ ማሞኘት ነውር አይደለም?»

መሪማ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

«እሳቸው ጋ ዛኪር አልሞተም» አለች።



ዛኪር የአውሮፕላኑን ቀለም ራሱ ነበር የሚሠራው። ተጫዋቾቹ ስኪን ይሉታል፤ በኮምፒውተር ተስሎ አውሮፕላኑ ላይ የሚለበስ መልክ ነው። የመጨረሻው ሳያልቅ ቀርቷል። ጀርባው በሀብሩ ማሳ ላይ የደረሰ ማሽላ ይመስላል፣ ሆዱ ሰማያዊ ነው፤ ግራ ክንፉ ግን ገና ግራጫ።

«ያን ክንፍ ምን ልታደርገው ነው?» ብለው ጻፉ አብዱሰመድ።

መሪማ ደነገጠች። ዛኪር ያሰበውን ነግሯቸው ይሆናል፤ ከተሳሳተች አበቃ።

«አልወሰንኩም።»

«እንግዲያው ደስ ያለህን ቀባው። የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም።»

ቀለም መቀባቱን ሞክራ ሞክራ ለመደችው። ክንፉን ብርቱካናማ አደረገችው፤ ለሰርጓ ያሰረችው ሻሽ ቀለም ነው። ሽማግሌው በግራዋ በኩል ተጠግተው ብዙ በረሩ። 

«ያምራል» አሉ በመጨረሻ።

ዒዳዋን በጨረሰች ሳምንት ሌላ መልእክት መጣ። «እንግዲህ ብንገናኝስ? እዚህ ሲሪንቃ፣ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት አለች።»

«አለቀልሽ» አለች ናጅዋ። «ነቅተውብሻል። ፊት ለፊት ሊይዙሽ ነው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጡ።»

ቁጣቸውን አልነበረም የፈራችው። ከነገረቻቸው በኋላ «ዛኪር፣ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በምድር ላይ አይኖርም።

ሁለቱም በመኪና አብረው ሄዱ። መሪማ መስኮት ጋ ተቀመጠች። የዛኪር ሚኒባስ የተገለበጠበት ቦታ ሲደርሱ ናጅዋ እጇን ያዘቻት። መሪማ ወደ ውጭ አየች፤ እርሻ ነው፣ አንድ ሰው ወደ ማሳው ውሃ ይመልሳል። ሌላ ምንም የለም።

ሻይ ቤቷ ውስጥ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ሲገቡ ብድግ አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው አለች መሪማ በልቧ።

ሰላምታቸውን ተለዋውጠው ተቀመጡ። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደመቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ የዛኪር ሚስት ነኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጽፍልዎት የከረምኩት እኔ ነኝ። አታልዬዎታለሁ። ዛኪር...»

 ቀጣዩን ቃል እስከዚያች ቀን ድረስ ለማንም በአፏ ተናግራው አታውቅም።

«ዛኪር ሞቷል» አለች።

ያኔ እንባዋ መጣ። ልታቆመው ብትሞክርም አልቻለችም። ናጅዋ ልትነሳ ስትል ሽማግሌው በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጧት።  ለቅሶዋ ሲበርድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ጀናዛውን አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ።