ጨው የበላው ቸርኬ

አቶ ኦሳናይ በዕድሜያቸው ለጎሚስታ እጅ ሰጥተው አያውቁም። በአኦሞሪ፣ በረዶ ከሰው ቁመት በላይ በሚቆለልበት ከተማ፣ ይህ ቀላል ኩራት አይደለም።

አማቻቸው ሶሄይ ግን ኩራታቸው አልነበረም። አንድ ልጃቸውን ካናኤን አገባ፣ ቋሚ ሥራውን ለቀቀ፣ ከዚያም በአሮጌ የፖም መጋዘን ውስጥ ቸርኬ መቀቢያ ቤት ከፈተ። በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቸርኬ ይበላል። ሶሄይ የሚቀባው ነገር ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠነክርና ጨው አያስጠጋም። «ቅባት ሻጩ» ይሉት ነበር አቶ ኦሳናይ፣ እሱ በሌለበት።

ቢሆንም የልጅ ነገር ነውና፣ የመጀመሪያው በረዶ ሳይወርድ መኪናቸውን ይዘውለት ሄዱ። ሶሄይ ቁጢጥ ብሎ ቸርኬዎቹን አየ።

«አባባ፣ የበረዶውንም ወራት በእነዚሁ ነው የሚነዱት?»

«መኪናዬ ስንት እግር ያላት መሰለህ? አራት ብቻ ነው! ይልቅ ሥራህን ሥራ።»

ሶሄይ ሳቀና ሥራውን ጀመረ። አጠበ፣ በአልኮል ወለወለ፣ ቀባ፣ በመብራት ሙቀት አደረቀ፣ ደግሞ ቀባ። ሲጨርስ በእያንዳንዱ ቸርኬ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የቤቱ ስም ያለባት ትንሽ ቀይ ወረቀት ለጠፈ። አቶ ኦሳናይ የገዛ ፊታቸውን ቸርኬው ላይ ሲያዩ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

ጠዋት ጠዋት በሚሄዱበት ፍል ውኃ ቤትም ገንዳ ውስጥ እንደተነከሩ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አወሩ። «የአማቼ ሥራ ነው፤ ሄዳችሁ አስቀቡ!» ሰውም ሰማቸው። የሶሄይ ደጅ በመኪና ተሞላ።

ከዚያ በረዶው ሲወርድ አደረ። አቶ ኦሳናይ ከቁርስ በፊት ክሪካቸውን አውጥተው፣ እንደ አገሩ ሰው የበጋውን ፈተው የበረዶውን ጎማ ገጠሙ። የፈቱትን በዕቃ ቤቱ ጥግ ደርድረው በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈኑት። አርባ ዓመት የሠሩት ነገር ስለሆነ እጃቸው እንጂ ሐሳባቸው እዚያ አልነበረም። እጃቸውን ታጥበው ሾርባቸውን ሊጠጡ ገቡ።

አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ፀጉር ቆራጩ ናሪታ ከፍል ውኃው ደጅ ተጣራ።

«ኦሳናይ! ና እስቲ ውጣ፤ ቸርኬህን ምን በላው?»

ፎጣቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ወጡ። አራቱም ቸርኬ ነጭ አረፋ አውጥቶ ተልጧል። ናሪታ በጥፍሩ ቢነካው ረገፈ።

«እንደ መስታወት ነው ያልከን ይሄ ነው? መስታወቱ ተሰበረ በለኛ!»

ከራሳቸው ላይ እንፋሎት የሚወጣው ሽማግሌዎች ከት ብለው ሳቁ። አንዱ የራሱን መኪና ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የኔ እስካሁን ደህና ነው። ነገን ግን ማን ያውቃል?» አለ።

አቶ ኦሳናይ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ወደዱ። ይህ ሁሉ ሰው ያስቀባው የእሳቸውን ቃል አምኖ ነው። ስልክ ደውለው ሶሄይን እዚያው ጠሩት።

ሶሄይ በሥራ ልብሱ መጣ። በረዶው ላይ ተንበርክኮ እጁን ወደ መጀመሪያው ቸርኬ ውስጥ ሰደደና ዳበሰ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። አራቱንም ዳበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ የአቶ ኦሳናይን ፊት አየ፣ ዙሪያውን የቆመውንም ሰው አየ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለና፣ ወገቡ እስኪታጠፍ አጎነበሰ።

«አንገቴን አስደፋኸኝ!» አሉ አቶ ኦሳናይ። «ከዛሬ ወዲያ አማች አለኝ ብዬ አላወራም!»

በማግስቱ ሶሄይ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ አንድ ጠርሙስ ይዞ ቤታቸው መጣ። ግባ አላሉትም።

«አባባ፣ ስለ ቸርኬው ብቻችንን...»

«ስለ ቸርኬው ቃል እንዳትተነፍስ!»

«በረዶው ሲቀልጥ፣ ጎማ ሲቀይሩ...»

«ሲቀልጥ ደግመህ ልትቀባልኝ ነው? በቃኝ! ይልቅ ልጄን የሚያበላ ሥራ ፈልግ።»

ሶሄይ ጠርሙሱን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ነገሩ ከተማውን አዳረሰ። የሶሄይ ደጅ ጭር አለ። አቶ ኦሳናይም ሰው ፊት መቆም አፍረው ፍል ውኃውን ተዉና ቤታቸው መታጠብ ጀመሩ። በረዶው ሳያባራ የሱቁ ሰሌዳ ወረደ። ሶሄይ ደቡብ አገር ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ ካናኤም ተከተለችው።

ባቡር ጣቢያው ላይ ካናኤ እያለቀሰች፣ «አባዬ፣ እባክህ አንድ ቃል እንኳ በለው» አለች። አቶ ኦሳናይ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

ሶሄይ ሻንጣውን አንስቶ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ጎማ ሲቀይሩ ወገብዎን ይጠንቀቁ።»

አሁንም ስለ ጎማ ያወራል፣ አሉ በሆዳቸው። ሰው እንዴት ትንሽ እንኳ አያፍርም?

በረዶው ቀልጦ የፖም ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ ናሪታ ሊያግዛቸው መጣ። ያን ጨው የበላውን ቸርኬ ከነጎማው ፈተው ወደ አጥሩ ሥር ወረወሩት።

«የአማችህን ጉድ ሸኘነው!» አለ ናሪታ፣ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ። «በል የበጋውን አቀብለኝ።»

አቶ ኦሳናይ ወደ ጥጉ ሄደው ብርድ ልብሱን ገፈፉ።

አራቱ የበጋ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ቦግ አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀይ ወረቀት ነበረች።