አራተኛው ጭረት

«ልጁን ብወስደው ቅር ይልዎታል?» አለኝ ሰውዬው፣ ገና በርጩማው ላይ ሳይደላደል። ውሃ ላምጣልህ ብዬ ተነሣሁ።

ሰውዬው ሩቅ ከተማ ውስጥ የውድድር ሞተር ሳይክሎች አሉት። የመጣው ወንዱ ልጄ ሲነዳ ለማየት ነው። ልጄን የሰፈሩ ሰው «ነፋሱ» ይለዋል፤ እኔ ስሙ አይጥመኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ በወጣ ቁጥር፣ እስኪመለስ ድረስ ከጨርቁ ይልቅ ጣቴን ነው የምወጋው።

አባታቸው ሲሞት ሞተር ሳይክሉ ለእሱ ሆነ፣ የመፍቻ ሳጥኑ ለታላቅ እህቱ። ያከፋፈላቸው የለም፤ እያንዳንዳቸው እጃቸው የለመደውን ያዙ። እሷ ጎማ ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ግቢው ውስጥ ሞተሩ ሥር ትንበረከካለች። ወንድሟ «ቅባቷ» ይላታል። እሷም እኔ ባልቀባህ ዝገህ ነበር ትለዋለች።

ሰውዬው ይመጣል ከተባለ ወዲህ ሐሳቧ አንድ ነበር፦ መሪው ላይ ያለው የነዳጅ እጀታ ገና ሲነካ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እንዲፈተለክ ማድረግ። የነዳጅ ገመዱ እጀታው ውስጥ የሚጠቀለልበትን መዘውር በሰፊ ቀየረችው። አሁን እጀታው ጥቂት ሲዞር ገመዱ ብዙ ይሳባል። ግን አየሩ ቀድሞ እየገባ ቤንዚኑ ስለሚዘገይ ሞተሩ ለአፍታ ያመነታል። ለዚህ ደግሞ አየርና ቤንዚን በሚቀላቀልበት ካርቡራተር ውስጥ ያለችው ቀጭን መርፌ ከፍ ማለት አለባት። መርፌዋ ከላይ፣ በደነዘው ጫፏ በኩል አምስት ጭረቶች አሏት፤ ከጥፍር የምታንስ መያዣ ከጭረቶቹ በአንዱ ላይ ትገባለች። መያዣዋ ወደ ታች በወረደች ቁጥር መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይበዛል።

ሰውዬው የመጣ ዕለት ጠዋት ሴቷን ልጄን ከጎማ ቤት በድንገት ጠሯት። መርፌዋን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ፣ አጠገቧ ብጣሽ ወረቀት ላይ «4ኛው ጭረት» ብላ ጽፋ ሄደች። ነፋሱ መያዣዋን ሁለት ጊዜ ጣላትና በአራት እግሩ እየዳኸ ፈለጋት። በመጨረሻ አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት። መርፌ የአንቺ ሥራ ነው፣ የእኔ ጣት ሙዝ ነው አለኝ።

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ወረቀቱን ማንም ሳያነብልኝ አነበብኩት። ደስ ስላለኝ ደገምኩት። ከዚያ መርፌዋን ክር እንደማስገባባት መርፌ ሹሉን ወደ ራሴ አድርጌ ያዝኳትና ከሹሉ በኩል ቆጠርኩ። መያዣዋ አራተኛው ላይ ቀጭ ብላ ገባች። ነፋሱ ሳያይ ተቀብሎ ገጠማት።

ሰውዬው ውሃውን ጨርሶ ወደ ግቢው ወጣ። ነፋሱ ሞተሩ ላይ ተፈናጠጠና እጀታውን ድንገት ጠመዘዘው። ሞተሩ ትን አለው። ደገመው፤ ትን ብሎት ጠፋ። ልጄ በመጀመሪያ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ፣ ቀጥሎ ካንዴላው ነው አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሞተሩ እንግዳ ያፍራል ብሎ ቀለደ። ሰውዬው አልሳቀም። እኔ መቅረቱ ነው ብዬ በሆዴ ተመስገን አልኩ።

ይሄኔ ሴቷ ልጄ በበሩ ገባች። ድምፁን ከመንገድ ሰምታው ኖሮ ለሰላምታ እንኳ አልቆመችም። ወንድሟን በክርኗ ገፋ አድርጋ የካርቡራተሩን ክዳን ፈታች። መርፌዋን አውጥታ ወደ ብርሃን አነሣቻት። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

«እማዬ፣ ከላይ ነበር የሚቆጠረው። ሁለተኛው ላይ ነው ያስገባሻት።»

ወረቀቱ እሱን አይልም አልኳት። እውነትሽን ነው አለች። መያዣዋን በጥፍሯ ፈልቅቃ በቦታዋ አስገባች፣ ክዳኑን አጠበቀችና ለወንድሟ በአገጯ ጠቆመችው። አስነሥቶ እጀታውን ገና ሲነካው ሞተሩ አብሮት ጮኸ። ነፋሱ ከግቢው ተፈትልኮ ወጣ።

ሰውዬው ግን መንገዱን አላየም። የሚያየው እሷን ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና የሩቁን ድምፅ ስትከተል። መዘውሩን ከየት አመጣሽው አላት። ጎማ ቤት ከተጣለ ፕላስቲክ ሞርጄ ሠራሁት አለችው። ውድድሩ ተራራ ላይ ቢሆን መርፌዋን ምን ታደርጊያታለሽ አላት። ዝቅ ነው የማደርጋት፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም ይቀነሳል አለችው። ሌላም ሌላም ጠየቃት። እኔ ግማሹ አልገባኝም፤ አንድም ጊዜ ቆም ብላ እንዳላሰበች ግን አይቻለሁ።

ነፋሱ ተመልሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ።

«ነጂስ ሞልቶኛል፣ እናቴ። የምፈልገው እሷን ነው።»

«ቅባቷን?» አለ ነፋሱ፣ ከሞተሩ ሳይወርድ፣ ሳቅ ለማለት እየሞከረ።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የጸለይኩት እሱን አስቀርልኝ እያልኩ ነው። እሷ ከቤት ትወጣለች ብዬ አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ምን ሆና ትሄዳለች? ድምፁ ያለው እሱ ነው፤ እሷ እንደ ምሰሶው እዚያው የምትገኝ ሰው ነበረች።

ሴቷ ልጄ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ የጠራውን ጣት ደግማ ደግማ።

«ሂጂ ካላልሽኝ አልሄድም» አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። ጨርቁን ይዛ ቆማለች እንጂ ከሄደች ቆይታለች።

«ብርድ አይስማማትም» አልኩት ሰውዬውን። «ደረቷን ያማታል። ሥራ ከያዘች ደግሞ መብላት ትረሳለች።»

ሰውዬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እሺ አለኝ።

በሳምንቱ እሷ ሄደች። ወንድሟ እዚሁ እኔ ጋ አለ።