እምቢ ያለው እግር

ፎርማኑ ዛሬም አልተራመዱም። የተራመደው ሮቦቱ ነው።

ወገባቸውን ማንጠልጠያ ይዞታል፤ ጭናቸው፣ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ከብረት እግሮቹ ጋር ታስሯል። ከታች ትሬድሚሉ ይንከባለላል፤ ሮቦቱ ቀኙን ያነሣል፣ ግራውን ያነሣል። ሥራው ቀላል ነው። በሽተኛው ጥቂት ከገፋ ቀሪውን እሱ ይሞላል፤ ካልገፋ ደግሞ ሁሉንም ተሸክሞ ይሄዳል። በሽተኛው ምን ያህል እንደገፋ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ መስመር ይታያል። የፎርማኑ የግራ እግር መስመር ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ይግፉ እንጂ!» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

«እየገፋሁ ነው» አሉ ፎርማኑ።

«መስመሩ እንደዛ አይልም።»

«እንግዲያው መስመሩ ይግፋልሽ።»

ዕድሜ ልካቸውን ግንባታ ላይ ሰው ሲያሯሩጡ የኖሩ ናቸው። ሲሚንቶ ተሸካሚው ትንፋሹን ልሰብስብ ብሎ ቆም ካለ ድምፃቸው ከላይኛው ፎቅ ይወርድበት ነበር። አሁን ሌላ ሰው ይጮህባቸዋል። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከጣለው ወዲህ ምላሳቸው ተፈታ፣ እጃቸው ማንኪያ ያዘ፤ እግራቸው ግን ወይ ፍንክች!

ሴት ልጃቸው ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ቤቷን ትታ እሳቸውን ልታስታምም ከመጣች ከርማለች። ባሏ የፈቀደላት በአንድ ቃል ነው፦ አባትሽ በእግራቸው እስኪሄዱ። ሰው ሁሉ «ባል ማለት እንዲህ ነው» ብሎ መረቀው። በየሳምንቱ ይደውላል፤ የሚጠይቀውም ያንኑ ነው።

«እስካሁን አልተራመዱም?»

«አልተራመዱም።»

ስልኳ በጮኸ ቁጥር ፎርማኑ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ ነቅለው እሷን ያያሉ። «ትኩረት የሚባል ነገር የላቸውም እኮ» ትላለች ፊዚዮቴራፒስቷ እየተናደደች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሮቦቱን ነበር። ቴክኒሺያኑ ተጠራ፤ ፈታ፣ ገጠመ፣ በመጨረሻም ራሱን አስሮ ተራመደበት። አረንጓዴው መስመር ጣራ ነካ።

«ማሽኑ ከኔም ካንቺም ጤነኛ ነው» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ቀጥላ የፎርማኑን እግር መረመረች። ይሄ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባት።

«ጡንቻቸው ምንም አልሟሸሸም። እንዴት ሊሆን ቻለ?»

«በደንብ ነዋ የማሽላቸው» አለች ልጅቷ። «እኔ ነኝ የሟሸሽኩት። ማታ የዘጋሁትን የክፍላቸውን መስኮት ጠዋት ክፍት ሆኖ አገኘዋለሁ። ልቤን ልስት ነው መሰለኝ።»

«እንቅልፍ ነው ያጣሽው፣ የኔ እናት።»

እንግዲህ ማሽኑ ደኅና፣ ጡንቻው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? የሰውየው ነዋ! «መጦር ጥሟቸው ነው» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ። የተቃወማት የለም። ልጃቸው ፊታቸውን ታጥባለች፣ ጺማቸውን ትላጫለች፣ ካልሲያቸውን ታጠልቃለች። እንዲህ የሚንከባከበው ያገኘ ሰው ምን በወጣው ይነሣል?

ፊዚዮቴራፒስቷ በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ።

«በዚህ ወር ለውጥ ካላየሁ ሮቦቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። በር ላይ ስንቱ ተራ ይጠብቃል መሰላችሁ! እውነቴን ነው፣ እኔም ሰለቸኝ።»

ያን ቀን ልጅቷ አባቷን ከማንጠልጠያው እየፈታች ሳለ ፈነዳች።

«አባዬ፣ አንዴ ብትሞክር ምናለበት? ለኔ ስትል እንኳ!»

«ላንቺ ስልማ...» አሉ ፎርማኑ።

«ለኔ ስትል ምን? ወገቤ ተቆረጠ እኮ! አጥቤህ፣ አሽቼህ፣ ተሸክሜህ... አንተ እቴ! መጦር ጥሞሃል!»

እያለቀሰች ወጣች። ፎርማኑ አንገታቸውን ደፉ። ነርሷ በልቧ «ደግ አደረገች» አለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባልየው ራሱ ከተፍ አለ። ጫማው የተወለወለ፣ እጁ ላይ ብርቱካን ያንጠለጠለ፣ ነርሷን «እህቴ» የሚል ለስላሳ ሰው ነው። አማቱን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ። ሮቦቱ ሲያራምዳቸው ጥቂት አየ፤ የተጋደመውን መስመርም አየ።

«እንግዲህ ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም» አለ በትሕትና። «አስታማሚ ቀጥሬላቸዋለሁ። ጨዋ ሴት ናት፣ ዛሬውኑ ትገባለች። እኛ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

«ተባረክ!» አለች ነርሷ። ፊዚዮቴራፒስቷም ቀለል አላት። ፎርማኑን ከሮቦቱ ፈትታ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸውና ለሚቀጥለው በሽተኛ ቀበቶውን ማስተካከል ጀመረች።

ልጅቷ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ትንሽ ቀን ብቻ...» አለች። «ትንሽ ቀን ብቆይ፣ ይራመዱ ይሆናል።»

«አይራመዱም። አየሁ እኮ» አለ ባሏ።

«እባክህ።»

«ነይ እንጂ፣ ሰው ፊት!» አለ ፈገግታው ሳይጠፋ። ክንዷን ያዘ፤ ጣቶቹ ጠበቅ አሉ። እሷ በሌላው እጇ ፊቷን ከለለች።

ፎርማኑ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ክፍሉን በሁለት እግራቸው አቋርጠው ሄዱ፣ የአማቻቸውን ጣቶች ከልጃቸው ክንድ ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ።